ሃምሳን የጾመችው ልጅ

በእኛ አገር በግ ሲገዛ ዐይን ብቻውን አይታመንም። ዐይንማ የሚያየው ጸጉር ነው። ገዢው ወደ በጉ ጠጋ ይልና፣ ምንም እንዳላሰበ ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ፣ ሽንጡን ጭብጥ ያደርጋል። ጣቱ ሥጋ ካገኘ "ስንት አልከኝ?" ብሎ ክርክሩን ይጀምራል። ጣቱ አጥንት ካገኘ ግን እጁን አራግፎ ይሄዳል፤ ባለበጉ ከኋላው በቅዱሳን ስም ቢለምነው አይመለስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን በግ ተራ ብትመጡ ከተማው በሙሉ የሰው በግ ሽንጥ ጨብጦ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ዳኛውም፣ ነርሷም፣ ቄሱም፣ የመንገድ ሥራ መሐንዲሱም። በዚህ ትምህርት የወደቀ ሰው የለንም።

ታዲያ ይኸው ሕዝብ ከበግ ተራ ወጥቶ አዳራሽ ሲገባ ዕውቀቱን በር ላይ ትቶት ነው የሚገባው። መድረክ ላይ የወጣች ልጅ ከአንገቷ ሥር አጥንቷ ወጥቶ ካየ "እንዴት ያለች ሸንቃጣ ናት" ይላል። ጉንጯ ወደ ውስጥ ከገባ "መልኳ ጠራ" ይላል። ጠዋት የከሳ በግ አቅርበህልኛል ብሎ ከገበሬ ጋር አንገት ላንገት የተናነቀ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ለከሳች ልጅ ያጨበጭባል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። ታደሰ እባላለሁ፣ ልጆቹ ጋሽ ታዴ ይሉኛል። በከተማችን የባህል ውዝዋዜ ቡድን ውስጥ ብዙ ዘመን መትቻለሁ። የከበሮ መቺ ቦታ ከተወዛዋዦች ኋላ ስለሆነ፣ እናንተ ፊታቸውን ስታዩ እኔ ጀርባቸውን ነው የማየው። ፊት ይስቃል፣ ይሽኮረመማል፣ ካሜራ ሲያይ ይለወጣል። ጀርባ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። የራሴን አካል በተመለከተ፣ ከበሮውን አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው እኔ የት አልቄ እሱ የት እንደሚጀምር የማይለዩ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኳቸውም። ምክንያቱም አለ። ሠርግ ቤት ስንጠራ ተወዛዋዦቹ "ከጭፈራ በፊት አይበላም" ይባላሉ፤ ከጭፈራ በኋላ ደግሞ "አሁን ደክሞሻል፣ ውኃ ጠጪ" ይባላሉ። ለእነሱ የቀረበው ሳህን የት ይሄዳል? ምግብ ደግሞ መድፋት ነውር ነው። እኔ ነውር አልወድም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሁዳዴ በፊት ነው፣ ቡድናችን አዲስ አሰልጣኝ መጣለት። ናሆም ይባላል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ራሱን ኮሪዮግራፈር ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። እስከዚያ ድረስ እኛ አሰልጣኝ የምንለው ቀድማ የጨፈረችዋን ልጅ ነበር። ናሆም መጥቶ ግጥምጥም ያለ ጃኬቱን አስተካከለና "የእናንተ ችግር ትከሻ አይደለም፣ ሼፕ ነው" አለ። ባሕር ዳር ለሚደረገው የክልል ውድድር ክሊፕ ቀርጸን መላክ አለብን፤ ካሜራ ደግሞ በሰው ላይ ኪሎ ይጨምራል፤ ስለዚህ ኪሎውን አስቀድሞ መቀነስ ነው። ከሁሉ የቀለለችው ከፊት ትቆማለች፣ ከፊት የቆመችው ባሕር ዳር ትሄዳለች። እኔ ካሜራ ኪሎ የሚጨምር ከሆነ አንድ ገዝቼ ለበግ አድላቢዎች ላከራይ እያልኩ ሳስብ፣ ልጆቹ ተጨንቀው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ከመሐላቸው አንዷ ምንታምር ናት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከፊቴ ስትጨፍር ኖራለች፤ ትከሻዋ ሲጀምር ከበሮውን የምመታው እኔ ሆኜ የምታዘው እሷ ናት። ሌላ ነገር አትመኝም። ጓደኞቿ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲያወሩ እሷ ስለ ባሕር ዳር መድረክ ነበር የምታወራው። "ጋሼ፣ እዚያ አንድ ጊዜ ከፊት ልቁም እንጂ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ፍለጪ ቢሉኝም እፈልጣለሁ" ብላኛለች።

ኪሎ ለመቀነስ መጀመሪያ ኪሎን ማወቅ ያስፈልጋል። ሚዛን ከየት ይምጣ? የምንታምር አባት አቶ ደምሴ ግቢ አለ። አቶ ደምሴን በከተማችን የማያውቅ የለም። ከመዘዞና ከጫጫ ከሲታ በግ እየገዛ፣ ፉርሽካና የቢራ አተላ እያበላ አድልቦ ለፋሲካ የሚሸጥ፣ ድምፁ ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር የሚሰማ ሀብታም ነው። በጎቹ በሰዓት ይበላሉ፣ በሰዓት ይጠጣሉ፣ የሚልሱት ጨው እንኳ ተለይቶ ይቀመጥላቸዋል። አንዱ በግ አንድ ቀን ምግብ ቢተው አቶ ደምሴ ሌሊቱን አይተኛም። ግቢው ውስጥ በጎቹ የሚመዘኑበት ትልቅ ባስኩላ አለ። "እኔ እያለሁ ልጆቼ ለሚዛን ይቸገራሉ?" ብሎ ራሱ ጋበዘን።

እግዜር ያሳያችሁ። በየሳምንቱ በጉ ከወረደበት ባስኩላ ላይ ልጃገረዶቹ በተራ ይወጣሉ። አቶ ደምሴ መነጽሩን አድርጎ በበግ ተራ ድምፁ ኪሎውን ይጠራል፣ ናሆም ስልኩ ላይ ይመዘግባል። በጉ ሲጨምር አቶ ደምሴ እጁን ያሻሻል። ልጅቷ ስትቀንስ ደግሞ ያጨበጭባል። አንድ ሰው፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ግቢ። የገዛ ልጁ ከሁሉ ቀልላ ስትገኝማ ደረቱን ነፍቶ "አንደኛ!" አለ፤ ከትምህርት ቤት ካርድ ይዛ የመጣች ነው የሚመስለው። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ሳቅኩ እንጂ ሌላ ነገር አላልኩም።

ሁዳዴ ገባ። ጾም ሲገባ ከእኛ መሐል ማን ከማን ይለያል? ሁላችንም ጾመኛ ነን፣ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሁላችንም ፊታችን ግርጥት ይላል። እኔ በጾም ላይ ቃል የለኝም፣ እኔም እጾማለሁ፣ ከበሮዬም ይመስክር። ግን ጾመኛ ማታ ይበላል። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሱፍ ፍትፍቱን፣ እንዲያውም ከፍስኩ ጊዜ አብልጦ ይበላል። ምንታምር ማታም አትበላም ነበር። ቤቷ ስትገባ "ደክሞኛል" ብላ ትተኛለች። እናቷ እትዬ አስካለ ደግሞ የልጃቸው ነገር በመንፈሳዊ ዐይን ታያቸው። "ልጄ ባሰባት፣ እህል በአፏ አይዞርም፣ ምን ታይቷት ይሆን" እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ጎረቤቱም ይደነቃል።

ፋሲካ መጣ። አቶ ደምሴ ትልቁን ሙክት ጣለ። ምንታምር ገበታው ላይ ቀርባ ትንሽ ቆየችና "ሱባኤ ይዣለሁ" ብላ ተነሣች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ምንድን ናቸው? ጾም የለም። ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ስግደት እንኳ የለም። ይህን ለማወቅ ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ሃምሳን እያሰብን እኮ ነው ሁዳዴን የምንገፋው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሃምሳ ዓርብ ዓርብ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ "ጊዜው ነው" ይላል። ግን አንዲት ልጅ በሃምሳ "ሱባኤ ይዣለሁ" ስትል የጠየቀ ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለ ማኅበር ላይ "ልጄ ሃምሳንም አልተወችው" ብለው ሲናገሩ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዷ እንዲያውም "ለእኔም ታስበኝ በይልኝ" ብላ ስመ ክርስትናዋን ሰጠች። በዚያን ሰሞን ልጅቷ ስንት ሰው በጸሎቷ ታስብ እንደነበር አላውቅም፤ በበኩሏ ኪሎ ነበር የምታስበው።

እኔስ? በዳግም ትንሣኤ ሠርግ ቤት ተጠራን። ምንታምር ዶሮ የሞላ ሳህኗን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ እርስዎ ይብሉልኝ፣ ሱባኤ ላይ ነኝ" አለችኝ። እኔም አንድ እንቁላል አፌ ውስጥ እያለ "ስለ እኔም ጸልዪ" አልኳት።

እግሯን ያመማት ከዚያ በኋላ ነው። ቅልጥሟ ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ። አልወደቀችም፣ አልተጋጨችም፣ ግን ስትዘል ትሸማቀቃለች። ናሆም "ጡንቻ ነው፣ ታገሺ፣ አርቲስት ሕመም ያውቃል" አላት። እትዬ አስካለ ወጌሻ ጋ ወሰዷት፣ ወጌሻው "ወለምታ ነው" ብሎ በቅቤ አሽቶ ሸኛት። በዚያን ሰሞን ወደ ሰውነቷ የገባ ቅቤ ቢኖር ያ ብቻ ነው፣ እሱም በውጭ በኩል። እሷ ግን በቀሚሷ ሥር ቅልጥሟን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አስራ ልምምዷን ቀጠለች። ክሊፑ የሚቀረጽበት ቀን ደርሶ ነበር፤ ከፊት የምትቆመው ደግሞ እሷ ናት።

ክሊፑ የሚቀረጸው አንኮበር ነው ተባለ። ናሆም ኮረብታው አናት ላይ፣ ጉም ከሥር ሲነሣ፣ ልጆቹ ድንጋዩ ላይ እየዘለሉ እንዲታዩ ፈለገ። አቶ ደምሴ "ልጄን በዐይኔ ማየት አለብኝ" ብሎ በግ የሚጭንበትን አይሱዙ ራሱ እየነዳ ወሰደን። ከኋላ ጭነቱ ላይ ነው የተቀመጥነው። ጽዳቱን ባልናገር ይሻላል፤ የባህል ቡድን መሆናችን አንኮበር ስንደርስ በጠረናችንም ይታወቅ ነበር። ከእግረ ኮረብታው ጀምሮ በደረጃ ወጣን። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። የእኛ አገር ብርድ እንዲህ ነው፣ ሰው የልጁን ፊት እንጂ ሌላ ሰውነቱን ሳያይ ዓመት ያሳልፋል። አቶ ደምሴም ቢሆን ልጁን በዚያ ሁሉ ጊዜ ያየው ጋቢዋንና ባስኩላው ላይ ያለውን ቁጥር ነው።

አናቱ ላይ ደረስን። ልጆቹ ጋቢያቸውን ጣሉ። እኔ ከኋላ ነኝ። የምንታምር ቀሚስ መቀነቱ እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ዞሯት፣ ጀርባዋ ላይ የትከሻዋ አጥንቶች ጨርቁን ወጥረውት ይታያሉ። ከበሮዬ ለአፍታ ተሳሳተብኝ። ናሆም "ጋሽ ታዴ፣ ሪትም!" አለኝ። መታሁ። ልጆቹ ዘለሉ። "እንደገና!" ዘለሉ። "ከፍ በሉ፣ ጉሙ ይታይ!" ዘለሉ። በአንድ እግር ድንጋይ ላይ ማረፍ የናሆም ፈጠራ ነበር፤ አያቶቻችን ሲጨፍሩ መሬቱ ምን በድሎ ነው ብለው ይሆን ያልደበደቡት?

ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰው ደረቅ እንጨት የረገጠ መስሎኝ ነበር። ምንታምር ቀስ ብላ ተቀመጠች። ማንም አልገፋትም፣ እግሯንም አላዳለጣትም። አላለቀሰችም፤ ቅልጥሟን በሁለት እጇ ይዛ ናሆምን ቀና ብላ አየችውና "አንድ ጊዜ ልረፍና እነሣለሁ" አለችው። እሱም ሰዓቱን አየ።

አቶ ደምሴ ሰውን ገፍትሮ መጣና ልጁን አንሥቶ ታቀፋት። ደረጃውን መውረድ ጀመረ፣ እኔ ከኋላው ከበሮዬን ይዤ እከተላለሁ። አንድ እጁ ከጉልበቷ ሥር፣ አንዱ ከወገቧ። ጥቂት እንደወረደ፣ ወገቧን የያዘው እጁ በልማዱ ጭብጥ አለ። ሽንጧ ላይ። ያ እጅ ስንት ሺህ ጊዜ እንደዚያ ጭብጥ እንዳለ እሱም አያውቀው። አቶ ደምሴ ደረጃው ላይ ቆመ። እንደ ገዢ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ገደሉ እያየ ቆመ። ፊቱ አመድ ሆነ።

"ጋሽ ታዴ" አለኝ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "ይቺን ልጅ እንዲህ ያደረጋት ማን ነው?"

ባስኩላህ ልለው ነበር። ግን እሱም ሳይናገር ገብቶታል፣ እኔም የበላሁላት ሳህን ሁሉ ታወሰኝና ከበሮዬን ይዤ ተከተልኩት። እሱም ልጁን አይሱዙው ላይ ጭኖ በቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን ነዳ።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ወጣት የአረርቲ ልጅ ናት፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ ስንጥቁን አሳየችን። "ይህ ዛሬ የጀመረ አይደለም፣ ስትዘልበት ኖራለች" አለች። ከዚያ አባቷንና እኔን አስወጥታ ምንታምርን ሰምተው ከደረሱት እናቷ ጋር አነጋገረቻት። በሩ ሲከፈት እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ለካ ልጅቷ የወር አበባዋን ካየች ወራት አልፈዋታል፤ ለማንም አልተናገረችም። "ተገላገልኩ ብዬ ነበር" አለች አሉ።

ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አስረዳችን። ሰውነት የሚገባለት ምግብ ከሚሠራው ሥራ ሲያንስበት ያለውን ለልብና ለሳንባ ይይዝና ሌላውን ሥራ ይዘጋል። የወር አበባውን ይዘጋል። አጥንት መገንባቱንም ይተዋል። በዚህ ዕድሜ አጥንት የሚጠነክርበት ጊዜ ነው፣ አሁን ያልተገነባው በኋላ ልገንባህ ቢሉት እሺ አይልም። "ካልበላች እንደገና ይሰበራል። እንደገና ከተሰበረ ደግሞ ውዝዋዜውን እርሱት" አለች። ጾሙ ነው ወይ ብለው እትዬ አስካለ ሲጠይቋት ራሷን ነቀነቀች። "የጾም ምግብም ሲበሉት ምግብ ነው፣ እናቴ። እሷ ግን አልበላችም።"

አቶ ደምሴ እስከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ሲሰማ ነበር። ድንገት በበግ ተራ ድምፁ "በግም እኮ ሴቷ ስትከሳ አውራ አትቀበልም! ቅልጥሟም ይሰነጠቃል! አውቃለሁ እኮ!" አለ። ኮሪደሩ ላይ ያለ በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየው። ሐኪሟ ልትስቅ ነበር መሰለኝ፣ ግን የሰውዬው ዐይን እንባ አዝሎ ስታይ "እንደሱ ነው፣ አባባ" ብላ ትከሻውን ያዘችው። እሱም "አውቃለሁ እኮ" እያለ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ሱባኤውን መፍታት ግን የሐኪም ሥልጣን አልነበረም። እትዬ አስካለ ፈሩ። ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ አስመጧቸው። አባ ገብተው ጀሶ የታሰረ እግሯን አዩ፣ ታሪኩን ሰሙ፣ ጢማቸውን ሳቡ። "ሱባኤውን ማን ሰጠሽ?" አሏት። "ራሴ ነኝ፣ አባ።" "በሃምሳ?" አባ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። "አንቺስ? ሃምሳ መሆኑ ጠፍቶሽ ነው?" እትዬ አስካለ መሬት መሬት አዩ። አባ ለምንታምር ንስሐ ሰጧት፣ እንዲህ ያለ ንስሐ ሰምቼ አላውቅም፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሳታስተርፍ፣ እስክትድን። አቶ ደምሴ የአባን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

ከዚያ የቡድኑ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን "ስለ ተከሰተው ክስተት" የሚል አጀንዳ ያዘ። ናሆም ተነሥቶ ጥፋቱ በቂ ማሟሟቂያ አለመሠራቱ መሆኑን፣ የኮረብታው ድንጋይም ለዳንስ ምቹ አለመሆኑን፣ ዲሲፕሊን ያለበት ጥበብ መሥዋዕትነት እንደሚጠይቅ በሰፊው አብራራ። ይህን ሲናገር አቶ ደምሴ ከወንበሩ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ከኋላው ሄደ። ግጥምጥም ያለው ጃኬት ላይ፣ ከወገቡ በላይ፣ እጁን ሰደደና ጭብጥ አደረገው። ናሆም ክው አለ። አቶ ደምሴ ወደ መስኮቱ እያየ ትንሽ ያዘው፣ ለቀቀውና ለሰብሳቢው፦

"ይኼኛውስ ደርሷል" አለ።

ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም። ናሆም ግን አልተባረረም፤ ባሕር ዳርን ማን ያጣል? በባስኩላ መመዘን እንዲቀር ተወሰነ፣ ቀረም። የናሆም ዐይን ግን አልቀረም። በማግስቱ የፌስቡክ ገጹ ላይ "ምግብ ኃይል ነው" የሚል ጽሑፍ ከራሱ ፎቶ ጋር ለጠፈ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹን አሰልፎ ከላይ እስከ ታች ቃኘና ቃልኪዳን የምትባለዋን በምንታምር ቦታ ከፊት አቆማት። ከሁሉ የቀጠነችው እሷ ስለነበረች ነው። ቃልኪዳን ከነቤተሰቧ ከምዕራብ ተፈናቅላ መጥታ መጠለያ ውስጥ የምትኖር ልጅ ናት። እናቷ ለአንድ ከረጢት ስንዴ ከጠዋት ጀምሮ ትሰለፋለች። ልጅቷ ሳትወድ የተማረችውን ረሃብ አሁን ፈቅዳ እንድትደግመው ነው የተፈለገው። ስናደድ ከበሮዬን አብዝቼ እመታለሁ፤ የዚያን ሳምንት ቆዳው ሊቀደድ ነበር።

ምንታምርን ለመጠየቅ ስሄድ አቶ ደምሴ ልጁን ይዞ ሥራ ላይ ነው። ወተት፣ አጃ፣ እንቁላል፣ ሰሊጥ፣ የቅልጥም ሾርባ። በየሰዓቱ እየገባ "በላሽ?" ይላታል። አንድ ጊዜ ሊጨብጣት እጁን ሲዘረጋ በክራንቿ መታችው።

"ጋሼ፣ አባዬን ይገላግሉኝ" አለችኝ። "ሊያርደኝ ነው የሚመስለው።"

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ "ይርብሽ አልነበር?" አልኳት። ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋደመች።

"መጀመሪያ ይርበኝ ነበር። በኋላ ተወኝ" አለች። "እናንተ ደግሞ ሁላችሁም ጎበዝ ትሉኝ ነበር።"

የቀረበልኝን አጃ ጠጥቼ ወጣሁ።

ሃምሳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ትልቅ ሠርግ ተጠራን። ድንኳኑ ሰፊ ነው፣ ድግሱ ሞልቷል። ምንታምር እግሯን በጀሶ፣ ብብቷን በክራንች ይዛ "ልያችሁ ብቻ" ብላ መጣች፤ ከእኔ አጠገብ፣ ከኋላ አስቀመጥኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም የጓደኞቿን ጀርባ አየች። ምግብ መጣ። ለተወዛዋዦቹ ሳህን ቀረበ። ቃልኪዳን ሳህኗን ይዛ ወደ ናሆም አየች፣ ናሆም ስልኩን እያየ ነው፣ ግን ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ። ልጅቷ ወደ እኔ መጣች።

"ጋሽ ታዴ፣ እርስዎ ይብሉልኝ" አለች። "ሱባኤ ይዣለሁ።"

እጄ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ሳህኑን ለመቀበል ተዘርግቶ ነበር። ምንታምር ቀድማኝ ተቀበለችው። ክራንቿን ተደግፋ ተነሣች፣ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ቆመች፣ እንጀራውን በዶሮው ወጥ አጥቅሳ ጠቅለል አደረገችና ወደ ቃልኪዳን አፍ አስጠጋችው።

"ቃል" አለቻት። "ሃምሳ እኮ ነው።"

ጉርሻ እምቢ አይባልም። በክራንች ተደግፋ የቆመች ሰው የዘረጋችውን ጉርሻማ ማን እምቢ ይላል? ቃልኪዳን ናሆምን አየች፣ ጀሶውን አየች፣ አፏን ከፈተች። ምንታምር ሁለተኛውን ጠቀለለች። ሦስተኛውን ልጅቷ ራሷ ከሳህኑ ጠቀለለች፣ ከዚያ በኋላ ማንም አላጎረሳትም፣ ማጉረስም አላስፈለገም። የቀሩት ልጆች ይህን ሲያዩ ሳህናቸውን ይዘው መጥተው ዙሪያውን ተቀመጡ። እንቁላሉን ሲካፈሉት፣ አጥንቱን ሲግጡት ሰማሁ። ናሆም መጥቶ "ጋሽ ታዴ፣ ጀምር፣ ሙሽሮቹ ገቡ" አለኝ። ሁለት እጄን ከበሮዬ ላይ ጋደም አድርጌ "አልጨረሱም" አልኩት። ሙሽሮቹ ቆመው ጠበቁ።

ከዚያ ተነሥተው ጨፈሩ፤ እንዴት እንደጨፈሩ የነበረ ሰው ይንገራችሁ። ምንታምር ተቀምጣ በትከሻዋ ብቻ አጀበቻቸው፣ እኔም እንደ ድሮው እሷ እንዳዘዘችኝ መታሁ። ጭፈራው አልቆ ከበሮዬን አውርጄ ወደ ሳህኖቹ ዞር ስል አንድም የተረፈ ነገር አልነበረም። ሙልጭ አድርገው በልተውታል። ያን ቀን ከዚያ ሠርግ ቤት ርቦት የወጣ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።